ለሐዲዱ መንገድ የጻፍኩት ወረቀት

ከሳንሱሲ አልፎ ወደ ገፈርሳ ግድብ የሚወስድ፣ ሐዲዱ የተነቀለ መንገድ ነበር። አንዳንዱ ጣሊያን ድንጋይ ያመላለሰበት ነው ይላል፤ ሌላው ግድቡ ሲሠራ የተዘረጋ ነው ይላል። ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ስላላገኘሁ አንዱንም እውነት ነው አልልም። ያየሁትን ግን አውቃለሁ። ብረቱ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ብረቱ ያርፍባቸው የነበሩት አግዳሚ እንጨቶች አልፎ አልፎ ከአፈሩ ብቅ ብለው ይታያሉ። ለፉርጎ ተብሎ የተደለደለ በመሆኑ ዳገትም ቁልቁለትም የለውም። መጀመሪያ በባሕር ዛፉ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ከደኑ ሲወጣ ሐይቁን በግራ ይዞ ዳርዳሩን ይዞራል። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሳይነሳ ዳክዬዎቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። ወዲያ ማዶ ጥድ አለ፤ ከጥዱ ጀርባ የገበሬ ማኅበሩ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል።

በዚህ መንገድ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። በደርግ ዘመን በእግር ለሽርሽር የሚወጣ የኮልፌ ሰው አላውቅም። የሄድኩት የመጀመሪያ ልጄን ለማድረስ ነው።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከሱቆቹ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ጠረጴዛና የላስቲክ ጥላ ነበረኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት የቀን ሠራተኛ ሳለሁ ምሳችን ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው ፊደል የለየሁት፤ አንዱን ፊደል ለአንዱ ሰው፣ ሌላውን ለሌላው እያሳየሁ፣ ማንም ሙሉውን ሳያስተምረኝ። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ደግሞ በጽሑፌ ይታያል፤ የተማረ ሰው በሦስት መስመር የሚጨርሰውን እኔ በገጽ ተኩል እጽፈዋለሁ። ማመልከቻ ካልረዘመ የጸሐፊው እውቀት አይታወቅም ብዬ አምን ነበር።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም። አንድ ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ በዚያ ከሐይቁ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የኮንትራት አስተማሪነት አገኘች። ሦስት ወር ሙከራ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በሙከራው ጊዜ ሦስት ቀን ያረፈደ ይሰናበታል፤ ቦታውን የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲነግራት አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

“ቀበሌ ሱቅም ሰው ይፈልጋሉ አሉ” አልኳት ስንመለስ። “ስኳር መመዘን ከባድ ሥራ አይደለም።”

“አባባ፣ እኔ ማስተማር ነው የምፈልገው” አለች። “ይሄ ካመለጠኝ ሌላ አላገኝም። እርስዎም ያውቁታል።”

አውቀዋለሁ። ስለዚህ ፈቀድኩ፤ ፈቃዴ ግን እንደ ማመልከቻዬ ብዙ ገጽ ነበረው። እዚያ ቤት ተከራይታ ብቻዋን አታድርም። በዚያ ደን ብቻዋን አታልፍም። ከሁሉም በላይ ብስክሌት አትነዳም። የባለቤቴ ወንድም ሳንሱሲ ነበር የሚኖረው፤ ጥሩ ብስክሌት ስለነበረው “ትውሰደው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትደርሳለች” ብሎ ነበር። ቆጣ ብዬ መለስኩለት። በእኛ ሰፈር ብስክሌት የነዳች ልጅ ባል ቤት ስትገባ ‘ክብሯ የለም’ ተብላ አንገቷን ትደፋለች ይባል ነበር። ይህን የነገረኝ ሐኪም የለም፤ ያነበብኩት መጽሐፍም የለም። በሌላ ነገር ሁሉ “የት ተጽፏል?” እያልኩ ሰውን የማስቸግር ሰው፣ በዚህ ግን አልጠየቅኩም። የማያውቁትን መጠየቅ ቀላል ነው፤ የሚያምኑትን መጠየቅ ነው የሚከብደው።

ሐይቁ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ በዳርቻው ለማለፍ ከቀበሌ የተጻፈ ወረቀት ያስፈልጋል። አስፋልቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ አውቶቡስም በዚያ በነዳጅ እጥረት ዘመን ጠዋት መምጣቱ አይታመንም፤ ለመመለሻዋ ግን እስኪመጣ ትጠብቀዋለች። ወረቀቱን ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ሰፊው ሕዝብ በቆራጥነት ስለተሰለፈበት ወቅት ጀምሬ፣ መሃይምነትን ስለማጥፋት ቀጥዬ፣ የልጄን ጠባይና የቤተሰቧን ጨዋነት ዘርዝሬ፣ መጨረሻ ላይ “ከወላጅ አባቷ ጋር በእግር እንድታልፍ” አልኩ። “በእግር” የምትለውን አስቤበት ነው የጨመርኳት። ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት ማንም አይከራከረኝም። ሊቀመንበሩ ሳያነበው ማኅተሙን መታበት።

ሰዓት እላፊው ንጋት አሥራ አንድ ላይ ሲያበቃ ከቤት እንወጣለን። ከዚያ በፊት መውጣት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ይበቃል።

ጥበቃውን ግን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

ደኑ አልቆ ሐይቁ ሲጀምር በሁለት ምሰሶ መሀል ሰንሰለት ተወጥሯል። ከሰንሰለቱ አጠገብ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አሮጌ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ይቆማል። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ስሰጠው ማኅተሙን አይቶ ይመልስልኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። እሱ ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ ከኪሱ በክር የታሰረ መነጽር አወጣ።

“ድሮ በማኅተም ነበር የማሳልፈው” አለ። “ባለፈው ክረምት መሠረተ ትምህርት ጨረስኩ። ሰርተፊኬት አለኝ። አሁን ሳላነብ አላሳልፍም።”

“ደግ ነው” አልኩ።

“ለ… ሚ… መ… ለ… ከ… ተው…”

“ሁሉ” አለች ልጄ።

“አትንገሪኝ! አስተማሪዬም አይነግረኝም ነበር።”

ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ ቀጠለ። “ቆራጥነት” ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሲጨርስ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

“ይህ ሁሉ ስለ እናንተ ነው?”

“መግቢያው ነው።”

“በረንዳው ይህን ካከለ ቤቱ የት ጋ ነው?”

ልጄ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። እየሳቀች መሆኗን ትከሻዋ ይናገር ነበር። ሲጨርስ ፀሐይ ከደኑ በላይ ወጥታለች። ሮጥን፤ ሆኖም ደወሉ ከተደወለ በኋላ ደረሰች። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ መዝገብ ይዞ ቆሟል። “አንድ” አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሳንሱሲ ጀምሮ በሶምሶማ እንሄድ ነበር። ጥበቃው በየቀኑ ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራል። በሳምንቱ ትዕግሥቴ አለቀ።

“አባቴ፣ ትናንት አንብበውታል እኮ።”

“ትናንት ያነበብኩት የትናንቱን ነው” አለ። “ዛሬ የተለወጠ ነገር ቢኖርስ? ደግሞ የሚያምር ጽሑፍ ነው። ማን ነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ።”

“እጅዎ ይባረክ! እንዲህ ደክመውበት ሳይነበብ ሊቀር ነው እንዴ?”

ማንበብን ለሰው ሁሉ ስመክር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ እንዳያነብ ልከለክል ነው? ቆሜ የራሴን ቃላት አንድ በአንድ አዳመጥኩ። ካየኋቸው ቅጣቶች ሁሉ ይህ ተገቢው ነበር። “በመሆኑም”፣ “ይኸውም”፣ “ከላይ እንደተገለጸው”፤ እነዚህ ሁሉ ምንም አያደርጉም። የልጄን ደቂቃ ከመብላት በቀር ሥራ የላቸውም። እሷ አንዱን እግሯን ከሌላው እያፈራረቀች ትቆማለች፤ ክፍል የምትገባው ላቧ ሳይደርቅ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነበር። ጊዜው ሲጠብ የመጨረሻውን መንገድ ብቻዋን ትሮጣለች፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ።

ባለቤቴ አንድ ምሽት የልጃችንን እግር በሙቅ ውሃ ስታሽ ቆይታ ወደኔ ዞረች።

“አንተ ሰውዬ፣ ወይ ወረቀቱን አሳጥረው፣ ወይ ልጅቷን ልቀቃት። ነገ ትዳሪያለሽ ብለህ እንደ ዕቃ የምትጠብቃት እስከ መቼ ነው?”

“ክብሯን ነው የምጠብቀው።”

“ክብሯ እግሯ ላይ አብጦልሃል፤ ና እየው።”

አሰብኩበት፤ አስቤም የመሰለኝን መላ አገኘሁ። እኔ ብስክሌት መንዳት እማራለሁ፤ እሷን ከኋላ በጎን አስቀምጬ እወስዳታለሁ። ሴቲቱ አልነዳችም፤ አባቷ አደረሳት። ዛሬ ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጥበብ መስሎኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ወንድም ብስክሌቱን ይዞ ደኑ ውስጥ፣ በዚያው በሐዲዱ መንገድ ላይ ጠበቀን። ልጄም መጣች። የቀረውን ሁሉ ራሴን በራሴ እንዳስተማርኩ ይህንንም ማንም እንዳያሳየኝ ነገርኳቸው። አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ በሌላው መሬቱን ገፋሁ። አግዳሚው እንጨት ላይ ስደርስ መሪው ከእጄ ወጣ፤ ወደቅሁ። ተነሳሁ፤ በሌላው ጎኔ ወደቅሁ። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ።

“አባባ፣ ጎማውን አይዩ” አለች ልጄ። “ራቅ አድርገው ይዩ። ሲዘገይ ነው የሚጥለው፤ ፈጠን ይበሉ።”

ከመሬት ሆኜ ቀና ብዬ አየኋት።

“አንቺ እንዴት አወቅሽ?”

አጎቷ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ይልጥ ጀመር።

“እስቲ አሳዪኝ” አልኩ።

ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወጣች። እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየሸሸች እስከ መታጠፊያው ሄደች፤ ዞራ መጣች፤ ፊት ለፊቴ ፍሬን ይዛ ቆመች። ቀጥ ብላ ነበር የተቀመጠችው። ‘የሚያሳፍር ነገር የለውም’ ብዬ አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት እኔ ከወደቅሁበት እንጨት ላይ እሷ አለመውደቋን ነው።

“መቼ ተማርሽ?”

“ስድስተኛ ክፍል እያለሁ።”

“እናትሽ ታውቃለች?”

“ወንበሩን የያዘችልኝ እሷ ናት።”

ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ልጆቼን እመታ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ያን ቀን አልመታኋትም፤ ደግ ሆኜ ሳይሆን ጉልበቴ እየደማ ስለነበር ነው። “ነገ እኔ እነዳለሁ፤ አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ” ብቻ አልኩ። እስኪመሽ ስለማመድ ቆይቼ መቶ እርምጃ ያህል ሳልወድቅ መሄድ ቻልኩ።

ሰኞ ከሳንሱሲ በብስክሌት ተነሳን። ደኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጣልኳት። ሰንሰለቱ ጋ ስንደርስ ጥበቃው ብስክሌቱን አየ፤ እኛን አየ፤ እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ። እንደ ልማዱ ከ“ለሚመለከተው” ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

“‘ከወላጅ አባቷ ጋር በእግር’ ይላል።”

“አዎ። ታዲያ ብስክሌት በምንድን ነው የሚነዳው? በእግር አይደለም?” አልኩ። ለደንበኞቼ እንዲህ ያለ ክርክር ስጽፍላቸው ኖሬያለሁ።

ጥበቃው መነጽሩን አወለቀ።

“እኔን አያሞኙኝ” አለ። አልተቆጣም፤ አዘነ። “ፊደል ባልቆጥር አሳልፍዎት ነበር። አሁን ግን አንብቤዋለሁ። ያነበብኩትን እንዳላነበብኩ ልሁን?”

ብስክሌቱን እሱ ጋ ትተን በእግር ሮጥን። ስንደርስ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

“እህቴ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረሽ” አላት።

እሷ አላለቀሰችም። ቀሚሷ ላይ የነበረውን አፈር አራገፈችና ወደኔ ዞረች።

“አባባ፣ ያንን ወረቀት የጻፉት ለኔ ነው ወይስ ለራስዎ?”

መልሴን ሳትጠብቅ ክፍሏ ገባች።

ብቻዬን ተመለስኩ። የሐይቁን ዳር ዞሬ፣ ደኑን አልፌ፣ ሳንሱሲን አልፌ ኮልፌ እስክደርስ ለሊቀመንበሩ የምናገረውን ሳረቅ ነበር። እግሬን አሞኛል ልል አሰብኩ። ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማንም አያጣራውም፤ ጉልበቴም ቆስሏል። ሌሎች ሰዎች ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው “እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ” ሲሉኝ “ውሸት በወረቀት ላይ አላሰፍርም” እያልኩ ስመልሳቸው እኖር ነበር። ቀበሌው በር ላይ ስደርስ ውሸቱም እውነቱም አብረውኝ ነበሩ፤ የትኛውን እንደምናገር አላወቅሁም።

ወረፋ ነበር። ግማሹ ደንበኛዬ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ቀና አለ። የልጄ ታላቅ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ነበር የሚያስቀምጠው።

“ጋሼ፣ ዛሬስ የማንን ጉዳይ ይዘው መጡ?”

“የራሴን።”

“ምን ሆነ?”

“የግድቡ ወረቀት እንዲለወጥልኝ ነው። ልጄ በብስክሌት ብቻዋን እንድታልፍ።”

ከኋላዬ ሰልፈኛው ጠጋ ጠጋ አለ።

“ሴቷ ልጅዎ?”

“ሴቷ።”

“በብስክሌት?”

“በብስክሌት።”

አንዲት ሴት “እሰይ!” አለች፤ ማን እንደሆነች ዞሬ አላየሁም። ከዚያ ዘይት ለመቅዳት ጀሪካን ይዞ የቆመ አንድ ጎረቤት፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ጋሼ፣ የኔዋን ልጅ ከወንድሟ ብስክሌት ያስወረዷት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ‘ነውር ነው፣ አስወርዳት’ ብለው አልመከሩኝም?”

“መክሬሃለሁ።”

“እና?”

“ተሳስቼ ነው የመከርኩህ።”

“አሁን ነው የሚነግሩኝ? በጥፊ ነው እኮ ያወረድኳት!”

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ስህተትን መናገር ያቀልላል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔን አልቀለለኝም። በኔ ምክር የተመታች ልጅ መኖሯን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

“በጽሑፍ ያምጡት” አለ ሊቀመንበሩ፣ ሳቁን እየዋጠ።

ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆሜ ጻፍኩት። ከልጄ ስም በስተቀር አምስት ቃል ነበር፤ የሐይቁን ዳር በብስክሌት ብቻዋን ትለፍ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለበጠው።

“ይህችው ናት?”

“ይህችው ናት።”

ማኅተሙ ጽሑፉን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው።

በማግሥቱ አብረን ወጣን። እስከ ሰንሰለቱ በእግር ሄድን። ጥበቃው አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ፤ በአንድ ትንፋሽ አነበበው። ጀርባውን አየ።

“አለቀ?”

“አለቀ።”

“እኔስ እንግዲህ ምን ላንብብ?” ብሎ ብስክሌቱን ከጎጆው አወጣላት።

ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። እሱ ሰንሰለቱን ዝቅ አደረገላት፤ አለፈች። እኔም ልከተል አንድ እግሬን ሳነሳ ሰንሰለቱ ተወጠረ።

“እርስዎ ወዴት ነው?”

“ላድርሳት ነዋ።”

ወረቀቱን እንደገና ከፍቶ አየው፤ በጣቱም መስመሩን ተከተለ። “እርስዎ የሉበትም” አለ።

እውነቱን ነው። እኔ በወረቀቱ ላይ የለሁም። ሐይቁ ዳር ነጠላዋ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ፤ ከዚያ መንገዱ ሲታጠፍ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። በሰዓቱ ትድረስ አትድረስ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ብትወድቅ አላይም፤ ብታረፍድም ሌላ ሰው ነው የሚሰማው። ጥበቃው የሚቀመጥበትን ድንጋይ አሳየኝ። “ውሃውን ማየት ወረቀት አይጠይቅም፤ ካሻዎት ይቀመጡ” አለኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። ጠረጴዛዬ ይጠብቀኝ ነበር።

አስቀድሜ ልናገር፤ ልጄ የሙከራ ጊዜዋን ጨረሰች፤ ቦታውንም አገኘች። ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም። ሁለት ማመልከቻ አበላሽቼ ቀደድኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የሰበታ ሰው ስለ ቤቱ አጥር ክስ ሲያስጽፈኝ ከማዞሪያው በኩል ጩኸት ተሰማ። ብስክሌቱን ሳንሱሲ አጎቷ ቤት ታስቀምጣለች ብዬ ነበር። አላስቀመጠችም። በሱቆቹ ፊት፣ በመጠጥ ቤቶቹ ፊት፣ እየነዳች መጣች። ልጆች “ሴት! ሴት!” እያሉ ይከተሏታል። ከሱቅ ደጃፍ አንዱ “እመቤት፣ ለኔም ከኋላ ቦታ አለሽ?” አለ። እሷ “የለኝም፤ በእግርህ ና!” ብላው አለፈች።

“ኤዲያ!” አለ ባለጉዳዬ። “ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?”

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

“የኔ ናት” አልኩ።

ልጄ ጠረጴዛዬ ፊት ስትደርስ ሳትወርድ አንድ እግሯን መሬት አስነካች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል።

“ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ፣ አባባ።”

“ሂጂ ቤት ግቢ” አልኳት። “እናትሽ ትጠብቅሻለች።”

ሄደች። ባለጉዳዬ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ብዕሬን አነሳሁ።

“እሺ፣ አጥሩን ማን ነው ያፈረሰው?” አልኩት።